ከሰል፣ ሂተርና የተዘጋ በር

ክረምቱ ሲገባ አዲስ አበቤው ከየጓዳው የሚያወጣው ጃንጥላና ካፖርት ብቻ አይደለም፡፡ የከሰል ምድጃው ከማድቤት ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ይገባል፡፡ አቅም ያለው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ቁም ሳጥን ላይ የከረመውን ሂተር አቧራውን አራግፎ ይሰካል፡፡ ዝናቡ በመስከረም ሲያባራም ብርዱ አያበቃም፡፡ ሰማዩ ጥርት በሚልባቸው የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቶች የከተማዋ ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች መውረዱ የተለመደ ነው፡፡

ችግሩ አብዛኞቹ ቤቶቻችን እንዲሞቁ ታስበው የተሠሩ አለመሆናቸው ነው፡፡ የጭስ መውጫ ያለው የእሳት ማንደጃ ከጥቂት ቪላዎች በስተቀር አይገኝም፡፡ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ እንደሚታየው ከአንድ ቦታ ተነስቶ ቤቱን ሁሉ የሚያሞቅ ሥርዓትም የለም፡፡ በመሆኑም ብርዱን የምንከላከለው ለማብሰያ በተሠራ ምድጃና ከአንድ ሶኬት ላይ በሚሰካ ዕቃ ነው፡፡ ሁለቱም በአግባቡ ካልተያዙ ሕይወት ይቀጥፋሉ፡፡ ከሰል አያይዘው፣ በራቸውን ዘግተው የተኙ ሰዎች ሞተው ስለመገኘታቸው በየጊዜው የሚሰማው ዜና የዚሁ ውጤት ነው፡፡

ጭሱ ቢጠፋም መርዙ አይጠፋም

ብዙ ሰው ከሰል አደገኛ የሚሆነው ሲጨስ ብቻ ይመስለዋል፡፡ ምድጃውን ደጅ አያይዞ፣ “ጭሱ ወጥቶለታል” በማለት ፍሙ ከቀላ በኋላ ወደ ቤት ያስገባዋል፡፡ ይህ ልማድ ዓይንን ከመቆጥቆጥ ያድን እንደሆነ እንጂ ሕይወትን አያድንም፡፡ ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ሲሆን፣ ቀለምም ሆነ ሽታ የለውም፡፡ ከሰል ሙሉ በሙሉ ለመንደድ የሚያስፈልገውን ኦክስጅን ሳያገኝ ሲቀር ይህን ጋዝ ያወጣል፡፡ ቀይ ሆኖ የሚያምረው ፍምም፣ አመድ ለብሶ የሚያድረው ረመጥም ያወጡታል፡፡ እንዲያውም ፍሙን “እስኪነጋ እንዲቆይ” ብሎ አመድ ማልበስ ጋዙ ለረጅም ሰዓት ክፍሉ ውስጥ እንዲጠራቀም ከማድረግ በቀር የሚፈይደው ነገር የለም፡፡

ጋዙ በትንፋሽ ወደ ሳንባ ሲገባ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሔሞግሎቢን ጋር ይጣበቃል፡፡ ከሔሞግሎቢን ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ስለሚበልጥ፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው መጠን ጥቂት ቢሆንም የኦክስጅንን ቦታ ቀስ በቀስ ይወስዳል፡፡ አንጎልና ልብ የመጀመሪያዎቹ ተጎጂዎች ናቸው፡፡ የተኛ ሰው ምልክቱን ሳይረዳው፣ ሳይነቃ ሊሞት የሚችለውም ለዚህ ነው፡፡

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መገኘቷ ጉዳዩን ያከብደዋል፡፡ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ስለሚያንስ ሰውነታችን በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅንም ያንኑ ያህል ያነሰ ነው፡፡ ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃናት፣ አረጋውያንና የልብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ይበልጥ ይጎዳሉ፡፡ “አራሷ እንዳይበርዳት” ተብሎ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ማስገባት እናትንም ጨቅላንም ለአደጋ ማጋለጥ ነው፡፡

ላቀች በመባል የሚታወቀው የተሻሻለ የከሰል ምድጃ ከቆርቆሮው ምድጃ ያነሰ ከሰል እንደሚፈጅ እርግጥ ነው፡፡ ይሁን እንጂ ፍጆታን መቀነስና ጋዙን ማስቀረት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ላቀችም ቢሆን ተይዞ አይተኛበትም፡፡ ዕጣን ማጨስም ሆነ ክፍሉ ውስጥ ውኃ በሣህን ማስቀመጥ ጋዙን አያጠፋውም፡፡

“መስኮቱን ከፈት ካደረግሁ አይበቃም?” የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም፡፡ ለቡና ወይም ለምግብ ተብሎ፣ ሰው ነቅቶ ባለበት ሰዓት፣ በርና መስኮት ከፍቶ ከሰል መጠቀም አደጋውን ይቀንሰዋል፡፡ ለማሞቂያ ግን አይሆንም፡፡ ጋዙን ጠርጎ ለማውጣት የሚበቃ አየር የሚያስገባ መስኮት ሙቀቱንም ይዞት ይወጣል፤ ሙቀቱን ለማስቀረት የጠበበ መስኮት ደግሞ ጋዙንም ያስቀረዋል፡፡ ስለዚህ ከሰል የተዘጋ ክፍል ማሞቂያ ሊሆን የሚችልበት መንገድ የለም፡፡ በተለይ መስኮታቸው ግጥም ብሎ በሚዘጋ የኮንዶሚኒየም ክፍሎች ውስጥ ይህ ሊዘነጋ አይገባም፡፡ ከመኝታ በፊት ምድጃው ውጭ ወጥቶ ፍሙ በውኃ ሙሉ በሙሉ መጥፋት አለበት፡፡ መብራት ሲጠፋ የሚነሳ ጄኔሬተርም ይህንኑ ጋዝ ስለሚያወጣ በረንዳ ላይ ወይም ጓዳ ውስጥ ሊሠራ አይገባም፡፡

“ከሰል መታኝ” ሲባል

የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ናቸው፡፡ ከጉንፋን፣ ከምግብ መመረዝ ወይም ከድካም ጋር በቀላሉ ይምታታሉ፡፡ መለያው አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ማመማቸውና ወደ ውጭ ሲወጡ ቀለል የሚላቸው መሆኑ ነው፡፡ እየባሰ ሲሄድ ግራ መጋባት፣ ራስን መሳትና ሞት ይከተላል፡፡

እንዲህ ያለ ሁኔታ ሲያጋጥም በርና መስኮት በመክፈት ተጎጂውን ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት ይገባል፡፡ የሚረዳው ሰው ራሱ ክፍሉ ውስጥ መቆየት የለበትም፡፡ ራሱን የሳተ ነገር ግን የሚተነፍስ ሰው በጎኑ ይተኛል፤ ትንፋሹ የቆመ ከሆነ ሥልጠናው ያለው ሰው ሰው ሠራሽ ትንፋሽ መስጠትና ደረቱን መጫን ይጀምራል፡፡ በየቤቱ የሚታወቀው “ወተት አጠጡት” የሚለው ምክር ጋዙን ከደም ውስጥ አያወጣም፤ ራሱን የሳተን ሰው ደግሞ ሊያንቀው ይችላል፡፡

ሕክምናው ኦክስጅን ነው፡፡ ተጎጂው ንጹሕ አየር ብቻ እየተነፈሰ ከቆየ በደሙ ውስጥ ያለው ጋዝ በግማሽ እንዲቀንስ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ያስፈልጋል፤ በጭምብል ንጹሕ ኦክስጅን ከተሰጠው ግን ከአንድ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃል፡፡ ስለሆነም “አሁን ተሽሎታል” ብሎ ቤት ማስቀረት ተገቢ አይደለም፡፡ የማስታወስ ችግርና የጠባይ ለውጥን የመሰሉ የአንጎል ጉዳቶች ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ሊታዩ ይችላሉ፡፡

በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ ጣት ላይ የሚሰካውን የኦክስጅን መለኪያ ገዝቷል፡፡ መሣሪያው ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ደም ኦክስጅን ከያዘው ለይቶ ስለማያውቅ፣ ሰውየው እየተመረዘ “ደህና” የሚል ቁጥር ያሳያል፡፡ በእርሱ መተማመን አይገባም፡፡ ሐኪም ቤት ሲደረስ ክፍሉ ውስጥ ከሰል እንደነበረ በግልጽ መንገር ያስፈልጋል፡፡ ሐኪሙ ይህን ካላወቀ ሌላ በሽታ ሊፈልግ ይችላል፡፡

ሂተር፡- ከምን ላይ ተሰካ?

የኤሌክትሪክ ሂተር ካርቦን ሞኖክሳይድ አያወጣም፡፡ ለመኝታ ክፍል ከከሰል በእጅጉ የሚመረጠውም በዚህ ምክንያት ነው፡፡ የራሱ አደጋ ግን አለው፤ እሱም እሳት ነው፡፡

ባለ 2,000 ዋት ሂተር በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል ይስባል፡፡ የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ቢሆን 16 አምፔር ገደማ ይፈልጋል፡፡ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ከበሩ የቤቱ መስመር 25 አምፔር ተሸከመ ማለት ነው፡፡ ይህ ከገበያ በርካሽ ለሚገዛ ዲቫይደር ቀርቶ ለብዙ የቆዩ ቤቶች ዋና መስመርም ከባድ ነው፡፡ ስለዚህ ሂተር በቀጥታ ግድግዳ ላይ ካለ ሶኬት እንጂ ቴሌቪዥኑና ፍሪጁ ከተሰኩበት ዲቫይደር ላይ አይሰካም፤ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓትም አይበራም፡፡ ለሶኬት የተዘረጋው ሽቦ ባለ 2.5 መሆኑን፣ የመሬት መስመሩም መገናኘቱን በኤሌክትሪክ ባለሙያ ማስፈተሽ ለአንድ ጊዜ ወጪ ዘላቂ ዕረፍት ይሰጣል፡፡ ብሬከሩ እየደጋገመ ሲወርድ ከፍ ያለ አምፔር ያለው ብሬከር መቀየር መፍትሔ አይደለም፤ እንዲያ ሲደረግ የሚቃጠለው ሽቦው ይሆናል፡፡

ሂተሩ ከመጋረጃ፣ ከብርድ ልብስና ከሶፋ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ፡፡ ልብስ አይሰጣበት፡፡ በሠራ በግማሽ ሰዓቱ ሶኬቱንና ሽቦውን በእጅ ዳስሶ ማየት ጥሩ ልማድ ነው፤ የሚፋጅ ከሆነ ወይም የፕላስቲክ ሽታ ካለ ወዲያው ይነቀል፡፡ መብራት ሲጠፋም መንቀል አይረሳ፡፡ በሌሊት ሲመለስ ማንም ሳያይ ይበራልና፡፡

ገበያ ላይ ካሉት ውስጥ “ይኼኛው መብራት ይቆጥባል” የሚለው የሻጮች አባባል ሊያሳስት አይገባም፡፡ ባለ ቀይ ሽቦውም፣ ባለ ፋኑም፣ ባለ ዘይቱም የሚስቡትን ኤሌክትሪክ በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ሙቀት ነው የሚቀይሩት፡፡ ልዩነቱ ሌላ ነው፡፡ ባለ ቀይ ሽቦው ከፊቱ የተቀመጠውን ሰው ወዲያው ያሞቃል፡፡ ባለ ዘይቱ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ የጋለ ሽቦውም ስለማይታይ የተሻለ ደህንነት አለው፡፡ ቁጠባ የሚገኘው ክፍሉ ሲሞቅ ራሱን ከሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ነው፡፡ 2,000 ዋት በቀን ለአራት ሰዓት ያለማቋረጥ ቢሠራ በወር 240 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል፡፡ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ዋጋው እየጨመረ በሚሄድ እርከን የተሠራ በመሆኑ፣ ይህ መጠን በሌላው ፍጆታ ላይ ሲደመር ቤተሰቡን ወደ ውዱ እርከን ሊያሻግረው ይችላል፡፡

መጀመሪያ ጣሪያው

ከሂተር ግዢ በፊት ሙቀቱ የሚያመልጥበትን ቀዳዳ መፈለግ ይበልጥ ያዋጣል፡፡ ቆርቆሮ ጣሪያ ቀን ፀሐይን፣ ማታ ብርድን በቀጥታ ያስገባል፡፡ ኮርኒስ ከሌለ ኮርኒስ ማስመታት፣ ካለም የተቀደደውን መጠገን የመጀመሪያው ሥራ ነው፡፡ ቀጥሎ የበር ሥር ክፍተት በጎማ ወይም በጨርቅ ይዘጋል፤ ወፈር ያለ መጋረጃ ከመምሸቱ በፊት ይሳባል፤ በሴራሚክ ወለል ላይ ምንጣፍ ይነጠፋል፡፡ የሚተኛ ሰው ደግሞ ቤቱ ሁሉ እንዲሞቅለት አያስፈልገውም፡፡ ቡልኮ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ ደርቦ፣ ሙቅ ውኃ የተሞላ የጎማ ከረጢት በጨርቅ ጠቅልሎ እግር ሥር ማድረግ ሌሊቱን ያሻግራል፡፡ አንድ ነገር ግን ሊሰመርበት ይገባል፡፡ ቀዳዳው የተዘጋ ቤት ከሰል ከገባበት ከቀድሞው የባሰ ገዳይ ይሆናል፡፡

በግቢው በር ያለው ሰው

ሳሎን ውስጥ ሂተር ባለበት ቤት የከሰሉ አደጋ የቀረ ይመስላል፡፡ ነገር ግን በግቢው በር ላይ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል የሚያድረው ጥበቃ፣ በሰርቪስ ቤት የምትተኛው የቤት ሠራተኛ ብርዱን በምን ያሳልፉታል? መልሱ ብዙውን ጊዜ ከሰል ነው፡፡ እነዚህ ክፍሎች ጠባብ በመሆናቸው ጋዙ በፍጥነት ይጠራቀማል፡፡ ጥበቃው እንዳይተኛ የተቀጠረ ቢሆንም ጋዙ ያስተኛዋል፡፡ “ከሰል አታስገባ” ብሎ ማዘዝ ብቻውን አይበቃም፤ ካፖርት፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ፔርሙዝ ሙሉ ሻይና የተፈተሸ ሶኬት አብረው መቅረብ አለባቸው፡፡ በምትካቸው የሚሰጥ ነገር ከሌለ ብርዱ ከትዕዛዙ ይበልጣል፡፡

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ “ምን ላምጣላችሁ?” ሲል የሚጠየቅ አንድ ነገር አለ፡፡ በአሜሪካና በአውሮፓ በብዙ መኖሪያ ቤቶች የሚገኘው፣ በባትሪ የሚሠራው የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ፡፡ ጋዙ ሲጠራቀም ይጮኻል፡፡ የጭስ ማስጠንቀቂያው ሌላ መሣሪያ ስለሆነ ስሙን ለይቶ መንገር ይገባል፤ የአገልግሎት ዘመኑም ጀርባው ላይ ይጻፋል፡፡ እነዚያ አገሮችም ከአደጋው ነፃ አይደሉም፡፡ በየካቲት 2013 ዓ.ም. በአሜሪካ ቴክሳስ በወረደው በረዶ መብራት ሲቋረጥ፣ ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነስተው ወይም ቤት ውስጥ ከሰል አንድደው ለመሞቅ የሞከሩ ሰዎች በዚሁ ጋዝ ሞተዋል፡፡ እዚያም ሆነ እዚህ ሰዎቹን ያታለላቸው የማይሸት አየር ነው፡፡

በአዲስ አበባ ድንገተኛ አደጋ ሲያጋጥም በ939 የእሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽንን፣ በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስን መጥራት ይቻላል፡፡ ሁለቱን ቁጥሮች የቤቱ ሠራተኛና ጥበቃውም እንዲያውቋቸው ማድረግ ከአባወራው ወይም ከእማወራዋ ይጠበቃል፡፡