ስሙ ያልታወቀ ነዳፊ፤ ስለ እስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት የንድፍ ውድድር

ታላቅ ሕንፃ የሚነድፈው ታላቅ ኩባንያ ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ በብዙ ሰው ዘንድ የተለመደ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ አስተሳሰቡ ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ በአንድ ምሳሌ ልንመረምር አስበናል። ዓመታቱ ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የግብጽ መንግሥት ከዩኔስኮ ጋር ተባብሮ የጥንቱን የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት የሚያስታውስ አዲስ ቤተ መጻሕፍት ለማቋቋም በቈረጠ ጊዜ፥ ንድፉ በዓለም አቀፍ ውድድር እንዲመረጥ ተደረገ። ከ500 የሚበልጡ ንድፎችም ቀረቡ። በ1989 አንደኛ የወጣው ግን በኦስሎ ከተማ ከተቋቋመ 2 ዓመት ያህል ብቻ የሆነው ስኖሄታ የተባለ ትንሽ ድርጅት ነበረ። ከመሥራቾቹ መካከል ኖርዌያዊው ሼቲል ቶርሰንና አሜሪካዊው ክሬግ ዳይከርስ ይገኙበታል። ይህን የሚያህል ሕንፃ ከዚያ በፊት ሠርተው አያውቁም ነበር።

ታዲያ እንዴት አሸነፉ? ሁለት ምክንያት እናገኛለን። አንደኛው የውድድሩ ሥርዓት ነው፤ ዳኞቹ የሚያዩት ንድፉን እንጂ የነዳፊውን ስም አልነበረም። ሁለተኛው ሐሳቡ ራሱ ነው። ሕንፃው 160 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ሲሆን፥ ጣራው ወደ ባሕሩ ያዘነበለ ነው። በአስዋን ድንጋይ በተሠራው ግድግዳ ላይ የብዙ ሕዝቦች ፊደላት ተቀርጸዋል። የንባብ አዳራሹም በደረጃ እየወረደ 2,000 ያህል አንባቢዎችን ይይዛል።

ሆኖም ማሸነፍና መሥራት አንድ አይደሉም። ግንባታው የተጀመረው በ1995፥ ቤቱ የተመረቀው በ2002 ነው። በዚህም ሥራ ሐምዛ የተባለው የግብጽ የምሕንድስና ድርጅት ተባባሪ ነበረ። ስለዚህ በሩን የከፈተላቸው ንድፋቸው ቢሆንም፥ ከፍጻሜ ያደረሳቸው ትዕግሥትና አገሩን ከሚያውቅ ሰው ጋር መተባበር ነው።

ድሉ የዕድል ነው የሚል ቢኖር፥ ይኸው ድርጅት የኦስሎን የኦፔራ ቤት ውድድር በ2000 ማሸነፉን እናስታውሰዋለን። በ2008 በተከፈተው በዚያ ሕንፃ ጣራ ላይ ሕዝብ እንደ አደባባይ ይመላለስበታል።

ከዚህ የምንረዳው፥ ውድድር የሚያወጡ መሥሪያ ቤቶች አስቀድመው የብዙ ዓመት ልምድና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ ከሆነ፥ የተሻለውን ሐሳብ ሳያዩት ከበር ሊመልሱት እንደሚችሉ ነው። ልምድ በተባባሪ ይሟላል፤ ያልታየ ሐሳብ ግን በምንም አይተካም።