የወለጋ ሰፈራና ያስቀረው ስም

ደርግ ረሀብን ለመከላከል ካወጣቸው ዕቅዶች ውስጥ የወለጋን መልክ ከሁሉም በላይ የለወጠው ሰፈራ ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ወሎንና ትግራይን ሲያራቁት መንግሥት 1.5 ሚሊዮን ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ለማዛወር አቀደ፤ ከኅዳር ጀምሮ በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ 600,000 ያህሉን በአውቶቡስ፣ በጭነት መኪናና በሶቪየት አንቶኖቭ አጓጓዘ። በያኔው ወለጋ ክፍለ ሀገር ዋናዎቹ መስፈሪያዎች አሶሳ፣ ቄቶ፣ ጃርሶና ከነቀምቴ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው አንገር ጉቲን ነበሩ።

አሰፋፈሩ ሁለት ዓይነት ነበር። በ«መደበኛው» ሰፋሪው በትልልቅ መንደር ተሰባስቦ በመንግሥት ትራክተር በጋራ ያርስ ነበር፤ ምርቱም በሥራ ነጥብ ይከፋፈል ነበር። በ«ስግሰጋው» ግን ጥቂት ጥቂት አባወራ በነባሩ ገበሬ ማኅበር ውስጥ ይገባ ነበር። ጎጆውን የሚቀልስለትና መሬት የሚያካፍለው ያው ነባሩ ገበሬ ነበር። መንግሥት ዕዳውን ለጎረቤት አሸክሞ ሄደ ማለት ነው። ቆላው ደግሞ ለደገኛው አልተመቸም፤ ሰውን ወባ፣ በሬውን ገንዲ ይፈጀው ነበር።

ብዙዎች በአፈሳ ተጭነዋል፤ ይህን የተቃወመው የድንበር የለሽ ሐኪሞች የፈረንሳይ ክፍል በ1978 ዓ.ም. ከአገር ተባረረ። ቄቶ ኖሮ ያጠናው አሉላ ፓንክረስት ግን የሰፋሪው ታሪክ «ወዶ» ወይም «ተገዶ» በሚል ብቻ እንደማይጠቃለል አሳይቷል። ረሀቡም፣ ካድሬውም፣ ዘመድን ተከትሎ መሄዱም አንድ ላይ ነበሩ።

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ትራክተሩ ቆመ፤ ብዙ ሰፋሪም ወደ ሰሜን ተመለሰ። የቀረው በግሉ አረሰ፣ ወለደ፣ ኦሮምኛ ለመደ። ኢሕአዴግ በ1995 ዓ.ም. ሰፈራን ሲያስቀጥል 2.2 ሚሊዮን ሰው ለማስፈር ቢያቅድም ከክልል ክልል ማሻገርን ከለከለ፤ ስለዚህ ወደ ወለጋ የመጣው የሐረርጌ ገበሬ ነው።

የመንግሥት ርዳታ ካበቃ ከረጅም ጊዜ በኋላም «ሰፋሪ» የሚለው ስም እዚያው ተወልዶ ላደገው ልጅ ተላለፈ። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ በመቶዎች የሚቆጠሩ አማሮች ሲገደሉ፣ ከሟቾቹ ብዙዎቹ የደርግ ዘመን ሰፋሪዎችና ልጆቻቸው ነበሩ። በወለጋ በነበረው ግጭት የተፈናቀሉ ኦሮሞዎች ነቀምቴ ተጠለሉ። የሰፋሪዎቹ ልጆችና የልጅ ልጆች ደግሞ ደብረ ብርሃንና ወሎ ደርሰው ለርዳታ ስንዴ ተሰለፉ።