የመመርመሪያ መሣሪያ ምርጫና የሕጉ ወሰን
መኪናውን በቤቱ የሚጠግን ሰው የኮምፒዩተር መመርመሪያ ሊገዛ ሲነሣ፣ ከዋጋው አስቀድሞ የሕጉን ታሪክ ቢያጤን ይበጀዋል። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1988 ሞዴል ጀምሮ አዳዲስ መኪናዎች የጢስ መቆጣጠሪያቸውን ብልሽት ራሳቸው እንዲያስታውቁ አዘዘ፤ ዳሩ ግን ፋብሪካው ሁሉ የየራሱን ሶኬትና የኮድ ቋንቋ ይዞ ቀጠለ። ከ1996 ሞዴል ወዲህ ግን በአሜሪካ ለሚሸጡ አዳዲስ የቤንዚን መኪናዎች ባለ16 ፒን አንድ ዓይነት ሶኬትና የጋራ ኮድ ግዴታ ሆነ። ርካሹ ኮድ አንባቢ ከቶዮታም ከፎርድም ጋር የሚግባባው ከዚህ የተነሣ ነው።

ይሁን እንጂ ሕጉ ያሰበው ለአየሩ ንጽሕና እንጂ ለባለመኪናው ኪስ አልነበረም። ስለሆነም የኤቢኤስ ፍሬንና የኤርባግ ኮዶች ከግዴታው ውጭ በየፋብሪካው እጅ ቀሩ፤ እነዚህን ማንበብ የሚሻ ሰው ለመኪናው ስሪት የተዘጋጀ ፕሮግራም ያስፈልገዋል። የማሳቹሴትስ መራጮች በ2012 ፋብሪካዎች የጥገና መረጃቸውን ለባለቤቶችና ለግል ጋራዦች እንዲያቀርቡ የሚያስገድድ ሕግ በድምፃቸው ያጸደቁት ይህን መሰሉን አጥር ለማፍረስ ነበር።