የኡታኮ መድኃኒት

ስሙማ፣ የኡታኮን ነገር ልንገራችሁ።

ዘመኑ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ነው። ጃፓን ተሸንፋለች፤ ከተሞቿ ተቃጥለዋል። ኡታኮ ኦካሞቶ የምትባል ሐኪም ከባሏ ከሾሱኬ ጋር ቶኪዮ፣ ኬዮ ዩኒቨርሲቲ ምርምር ይዛለች። ገንዘብ የለ፣ ዕቃ የለ። ታዲያ ምን እናጥና? ደም ይሁን ተባባሉ፤ ቢያጥረን ከራሳችን እንቀዳለን። ሕፃን ልጇን የሚይዝላት ስላልነበረ አዝላት ቤተ ሙከራ ትገባለች፤ ልጅቷ ዝም ካለች ሥራው ይቀጥላል። ጥናቷን መጀመሪያ በጉባኤ ፊት ልታቀርብ ብትቆም፣ ልትጨፍሪልን ነው ወይ ብለው ተሳለቁባት። ኡታኮ ግን ወይ ፍንክች!

የምታስበው ለወላዶች ነበር፤ ከተገላገሉ በኋላ ደማቸው አልቆም ብሎ ለሚሞቱ እናቶች። እ.ኤ.አ. በ1962 ባልና ሚስቱ ትራኔክሳሚክ አሲድን ለዓለም አስተዋወቁ። ሰው ሲቆስል ደሙ ይረጋና ቁስሉን ይደፍናል፤ ጉዳቱ ሲከብድ ግን የረጋው ደም ያለጊዜው ይሟሟል። መድኃኒቱ ያን መሟሟት ይገታል። ኡታኮ የኮቤ ከተማ የማህፀን ሐኪሞችን በወላዶች ላይ ሞክሩልኝ ብላ ለመነች። እሺ የሚላት ጠፋ።

ዓመታት አለፉ። እ.ኤ.አ. በ2010 በ40 አገሮች ከ20 ሺሕ በላይ የአደጋ ቁስለኞች የተሳተፉበት ጥናት ወጣ፤ መድኃኒቱ ከሞት ያተርፋል። በ2017 ደግሞ ከ20 ሺሕ በላይ ወላዶች ላይ የተደረገው ጥናት ኡታኮ ልክ እንደነበረች መሰከረ። እሷ ግን ይህን አላየችም፤ አንድ ዓመት ቀድማ በ98 ዓመቷ አርፋለች።

አሁን አንጀት የሚያቃጥለውን ስሙ። በ2022 የታተመ ጥናት የብሪታንያን የከባድ አደጋ ቁስለኞች መዝገብ ገልጦ ሲያይ፣ መድኃኒቱን ያገኙት ወንዶች ከመቶ 16.8፣ ሴቶች ከመቶ 7.3 ሆነው ተገኙ። ሴት በሠራችው፣ ለሴት በታሰበው መድኃኒት! ሴቶቹ ብዙዎቹ አሮጊቶች ናቸው፣ ቤታቸው ወድቀው የተጎዱ ናቸው ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ በመኪናና በጩቤ የሚጎዱት ከሴት ይልቅ ወንዶች ይበዛሉ። ነገር ግን ደም ፈስሶ የመሞት ሥጋታቸው እኩል የሆኑትን ወንድና ሴት ሲያስተያዩም ልዩነቱ አልጠፋም። መድኃኒቱ ደግሞ ለሁለቱም እኩል ይሠራል። እኔ የሚታየኝ ይህ ነው፤ ከባድ ቁስለኛ ሲባል በብዙ ሰው ዓይን የሚመጣው ጎልማሳ ወንድ ነው። ባኞ ቤት ወድቀው ገርጥተው ዝም ያሉትን እናት ደማቸው ወደ ውስጥ እየፈሰሰ ይሆናል ብሎ የሚጠረጥር ጥቂት ነው።

መድኃኒቱ የሚያድነው በ3 ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ ነው። ስለዚህ እናታችሁን፣ እኅታችሁን፣ ጎረቤታችሁን ይዛችሁ ድንገተኛ ክፍል የገባችሁ እንደሆነ፣ አደጋው የደረሰበትን ሰዓት ለሐኪሙ ንገሩ፤ ወደ ውስጥ የሚፈስ ደም እንዳለ እንዲመረመሩም ጠይቁ። እኔ ደኅና ነኝ ቢሏችሁም ጠይቁ።