ድቅል ወይን

በአማርኛ «የተዳቀለ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። አርሶ አደሩ «የተዳቀለ በቆሎ» ሲል የሁለት ወላጆች ዘር ተቀላቅሎ የተገኘ ምርጥ ዘር ማለቱ ነው። ችግኝ ጣቢያ ሄዶ «የተዳቀለ አቮካዶ» ሲገዛ ግን የሚሰጡት ሌላ ነገር ነው፤ በአንዱ ዛፍ ሥርና ግንድ ላይ የሌላው ቅርንጫፍ የተቀጠለበት፣ ባለሙያዎቹ ግራፍት የሚሉት ችግኝ። በበቆሎው ዘር ከዘር ተቀላቅሏል። በአቮካዶው ግን ሁለቱ ተክሎች በአንድ ግንድ አብረው ይኖራሉ እንጂ ዘራቸው አልተነካካም። በሌላ ጊዜ ይህ ብዙም አያስቸግርም። ስለ ወይን ሲወራ ግን ያስቸግራል፤ ምክንያቱም የወይን ተክል ከ150 ዓመት በፊት ለደረሰበት መከራ ሁለት መድኃኒት ተገኝቶለት ነበር፤ አንደኛው መቀጠል፣ ሁለተኛው ማዳቀል። የሁለቱ ደጋፊዎችም ለረጅም ዘመን ሲሟገቱ ኖረዋል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ቃሎቹን እንለያቸው። በሌላ ተክል ሥር ላይ የተገጠመውን «የተቀጠለ ወይን» እንበለው። «ድቅል ወይን» የምንለው ደግሞ ከአውሮፓው የወይን ዝርያ፣ ከቪቲስ ቪኒፌራ፣ እና ከአንድ ወይም ከበርካታ የአሜሪካ የዱር ወይን ዝርያዎች በአበባ ተዳቅሎ ከፍሬ የበቀለውን ተክል ነው። ከእሱ ፍሬ የተጠመቀው መጠጥም በዚሁ ስም ይጠራል። በእርሻ ጽሑፎች «ዲቃላ» የሚለው አጠራርም ይገኛል፤ ሰው በሰው ላይ የሚወረውረው ስድብ ስለሆነ ግን እዚህ ባይገባ ይሻላል። እነዚህ ተክሎች በፈረንሳይ በስማቸው ብቻ ብዙ ተንቀዋል፤ በአማርኛም ንቀቱን አብረን ማስገባት የለብንም።

ሁለት የአውሮፓ ወይኖች እርስ በርስ ቢዳቀሉ ድቅል ወይን አይባሉም። ካቤርኔ ሶቪኞን የካቤርኔ ፍራንና የሶቪኞን ብላን ልጅ መሆኑ በ1997 በዘረመል ምርመራ ተረጋግጧል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ1925 በደቡብ አፍሪካ የተፈጠረው ፒኖታዥም የፒኖ ኗርና የሳንሶ ልጅ ነው። እነዚህ ወላጆች ሁሉም የቪኒፌራ ዘሮች በመሆናቸው ነገሩ የአንድ ቤተ ዘመድ ጋብቻ ነው። በአገራችን በባቱ (ዝዋይ) የተተከሉት መርሎ፣ ሲራ፣ ካቤርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔም እንዲሁ ንጹሕ ቪኒፌራዎች ናቸው። የኢትዮጵያ ወይን ጠጪ ድቅል ወይንን በስም እንኳ ባያውቀው አያስገርምም።

መከራው የመጣው በመርከብ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የአውሮፓ ችግኝ ነጋዴዎችና አትክልት ወዳዶች የአሜሪካን ወይን ሥሩ እንዳለ ያስመጡ ነበር። በሸራ መርከብ ረጅም ጉዞ በመንገድ ይሞት የነበረው ተባይ፣ የእንፋሎት መርከብ መንገዱን ሲያሳጥረው በሕይወት ደረሰ። መጀመሪያ በ1840ዎቹ ቅጠሉንና ፍሬውን አመድ የተነሰነሰበት የሚያስመስል ሻጋታ ገባ። በ1860ዎቹ በደቡብ ፈረንሳይ የወይን ማሳዎች ያለ ምክንያት መድረቅ ጀመሩ። በ1878 ደግሞ ከቅጠሉ ሥር ነጭ ጥጥ የሚመስል ነገር የሚያበቅል ሁለተኛ ሻጋታ ተከተለ።

የማሳዎቹ መድረቅ ምክንያት የተገኘው በጁላይ 1868 ነው። የሞንፔሊዬው የዕፅዋት ሊቅ ዡል ኤሚል ፕላንሾን ከባልደረቦቹ ጋር በሮን ወንዝ አካባቢ ወደሚገኝ የታመመ ማሳ ሄዶ የሞቱትን ወይኖች ነቀለ። ሥራቸው በስብሷል፤ ተባይ ግን የለም። ከዚያ ገና ለምለም የሆነውን ጎረቤት ተክል ሲነቅሉ ሥሩ በጥቃቅን ቢጫ ነፍሳት ተሸፍኖ አገኙት። ተባዩ ተክሉን ጨርሶ ወደ ቀጣዩ ተሻግሮ ስለነበር እስከዚያ ቀን ድረስ ሬሳውን ብቻ የመረመረ ሁሉ ገዳዩን ሳያይ ቀርቶ ነበር። ይህ ተባይ ፊሎክሴራ ይባላል፤ የገብሳችን ጠላት የክሽክሽ የሩቅ ዘመድ ሲሆን በዓይን የሚታየው በጭንቅ ነው። የአሜሪካ ወይኖች ከተባዩ ጋር ለብዙ ሺህ ዓመታት አብረው ስለኖሩ ሥራቸው ሲነከስ ቁስሉን እንደ ቡሽ ባለ ሽፋን ይዘጉታል። ቪኒፌራ ግን ይህን አልተማረም። ቁስሉ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ የአፈር ሻጋታ ይገባበትና ሥሩ ይበሰብሳል።

እንግዲህ ሁለቱ መንገዶች የተለያዩት እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ወገን የአሜሪካውን ሥር ወስዶ የአውሮፓውን ቅርንጫፍ በላዩ ቀጠለ። ፍሬው ያው የድሮው ፍሬ፣ ወይኑም ያው የድሮው ወይን ሆነ። ይህ መንገድ አሸንፎ ዛሬ በዓለም ላይ ያለው አብዛኛው ወይን የተቀጠለ ነው። ሥራው ቀላል አልነበረም። አብዛኞቹ የአሜሪካ ሥሮች ኖራ የበዛበትን የፈረንሳይ አፈር አልቻሉትም። በ1887 ፒዬር ቪያላ የሚባል ፈረንሳዊ ሊቅ ኖራ የሚችል ዝርያ ፍለጋ አሜሪካ ድረስ ሄደ። መንገዱን ያሳየው የዴኒሰን፣ ቴክሳስ ነዋሪ የነበረው ወይን አዳቃይ ቶማስ መንሰን ሲሆን ለዚህ ውለታው ፈረንሳይ በ1888 ኒሻን ሸለመችው። የሚገርመው፣ ዛሬ ለሥርነት የሚያገለግሉት ብዙዎቹ ራሳቸው ድቅሎች ናቸው፤ የአሜሪካ ዝርያዎች እርስ በርስ፣ አንዳንዴም ከቪኒፌራ ጋር ተዳቅለው የተገኙ። «ንጹሕ» የሚባለው የአውሮፓ ወይን የቆመው በድቅል እግር ላይ ነው።

ሁለተኛው ወገን ግን ሥሩን ብቻ ማዳን አልበቃውም። ፊሎክሴራ ከሥር ቢሆንም ሁለቱ ሻጋታዎች ከላይ ናቸው፤ የተቀጠለው ወይን ቅጠሉና ፍሬው አውሮፓዊ ስለሆነ ከሻጋታ አያመልጥም። በ1885 የቦርዶው ፕሮፌሰር ሚላርዴ የመዳብ ሰልፌትና የኖራ ድብልቅ ሻጋታውን እንደሚከላከል አሳወቀ። ድሃው ገበሬ ግን ዝናብ በዘነበ ቁጥር መድኃኒት የሚረጭበት ገንዘብም ጉልበትም አልነበረውም። እነ አልቤር ሴይቤል፣ ፍራንስዋ ባኮ፣ ጆርጅ ኩዴር፣ ኡዤን ኩልማን የአሜሪካውን ጥንካሬና የአውሮፓውን ጣዕም በአንድ ተክል ለማዋሐድ የተነሡት ለዚህ ነበር።

ሥራው በእጅ የሚሠራ፣ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። የወይን አበባ ከሰናፍጭ ፍሬ ብዙም አይበልጥም፤ የአበባው ቅጠሎች ከላይ ተጣብቀው እንደ ቆብ ይደፉበታል። ያው አበባ ወንድም ሴትም ነው። አዳቃዩ አበባው ሊከፈት አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው በቀጭን ወረንጦ ቆቡን ከነወንዴ ክፍሎቹ ነቅሎ ሴቴውን ብቻ ይተዋል። በአንድ ዘለላ ላይ ብዙ መቶ አበባ ስላለ አንዱን ዘለላ ማዘጋጀት ብቻ ሰዓታት ይወስዳል። ከዚያ ነፋስ ሌላ ብናኝ እንዳያመጣበት በወረቀት ከረጢት ይሸፍነዋል፤ አበባው ሲደርስ የመረጠውን አባት ብናኝ በብሩሽ ይቀባዋል። በመከር ፍሬውን ለቅሞ ዘሩን ያወጣና ክረምቱን በቅዝቃዜ አቆይቶ ይዘራዋል። የመጀመሪያውን ፍሬ ለመቅመስ ሦስት ዓመት ገደማ ይጠብቃል። ከሺህ ችግኝ ውስጥ ለመጠመቅ የሚበቃ አንድ ከተገኘ ዕድለኛ ነው።

ያ አንዱ ከተገኘ ግን ከበቆሎው የተለየ ዕጣ አለው። የድቅል በቆሎ ዘር በየዓመቱ እንደ አዲስ መገዛት አለበት፤ ገበሬው ከምርቱ ዘር አስቀርቶ ቢዘራ ልጆቹ ይበታተናሉ፣ እንደ እናታቸው አይሆኑም። ወይን ግን በቁራጭ ይባዛል። ከአንዱ ተክል የተቆረጠ ቅርንጫፍ መሬት ሲገባ ያው ራሱ ተክል ሆኖ ይቀጥላል። ባኮ በ1898 ፎል ብላንሽ የሚባለውን የአውሮፓ ወይን ኖዋ ከሚባለው የአሜሪካ ወይን ጋር አዳቅሎ ያገኘው ባኮ ብላን እስከ ዛሬ አርማኛክ ለሚባለው የፈረንሳይ አረቄ ይተከላል።

ጣዕሙስ? የድቅል ወይን ስም የጠፋው በዚህ ነው፤ ክሱም ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። ቪቲስ ላብሩስካ የሚባለው የአሜሪካ ዝርያ ፈረንሳዮች የቀበሮ ጣዕም የሚሉት ጠረን አለው። ምንጩ በዋናነት ሜቲል አንትራኒሌት የሚባል ውህድ ነው። አሜሪካ የሚኖር ሰው ሐምራዊውን የኮንኮርድ ወይን ጭማቂ ጠጥቶ ከሆነ ጠረኑን ያውቀዋል፤ «የወይን ጣዕም» የሚባሉ ከረሜላዎች የሚቀዱትም እሱን ነው። በጭማቂ ደስ የሚለው ይህ ጠረን በወይን መጠጥ ላይ ሲመጣ ብዙዎች አይቀበሉትም። ግን ሁሉም ድቅል የላብሩስካ ልጅ አይደለም። ቪቲስ ሪፓሪያ የሚባለው የወንዝ ዳር ወይን የቀበሮ ጠረን የለውም፤ የእሱ ችግር ኮምጣጣነቱ ነው። ቀይ ድቅሎች ደግሞ ቀለማቸው ጥልቅ ሆኖ ሳለ በአፍ ላይ ይሳሳሉ፤ በፍሬው ያለው ፕሮቲን አፍ የሚያደርቀውን ታኒን ስለሚይዘው ወደ መጠጡ ብዙ አይወጣም። ይህን የሚያውቅ ጠማቂ ድቅሉን እንደ ባሕርዩ ይይዘዋል። በግድ ካቤርኔ ሊያደርገው የሚታገል ግን መጥፎ ወይን ያወጣና ጥፋቱን በተክሉ ያሳብባል።

ፈረንሳይ ፊቷን ያዞረችባቸው ግን በጣዕም ብቻ አልነበረም። በ1930ዎቹ አገሪቱ በወይን ምርት ተጥለቅልቃ ዋጋው ወድቆ ነበር፤ ያለ መድኃኒት ብዙ የሚያፈራው የድሃ ገበሬ ወይን ለገበያው ጠላት ሆነ። በዲሴምበር 1934 የወጣው ሕግ ኖዋ፣ ኢዛቤል፣ ክሊንተን፣ ኦቴሎ፣ ዣኬዝና ኤርበሞን የሚባሉትን ስድስት ዓይነቶች ለገበያ እንዳይተከሉ ከለከለ። ወይናቸው ሰው ያሳብዳል የሚል ወሬም ተነዛባቸው። ሕዝቡ ግን ሌሎቹን ድቅሎች መትከሉን አላቆመም፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ በፈረንሳይ ድቅል ወይን የያዘው መሬት 400 ሺህ ሄክታር ገደማ ደርሶ ነበር። በዚያው ዘመን የቦርዶ ኬሚስቶች ቪኒፌራ የማያመርተውን አንድ የቀይ ቀለም ውህድ በመፈለግ በጠርሙስ ውስጥ የተደበቀ ድቅል የሚያጋልጡበት ምርመራ አገኙ። ከዚያ በኋላ በሕግና በድጎማ ግፊት ድቅሎቹ ከአብዛኛው የፈረንሳይ መሬት ተነቀሉ።

የተገፉት ድቅሎች መጠጊያ ያገኙት በአሜሪካ ነው። የባልቲሞር ጋዜጣ አዘጋጅ የነበረው ፊሊፕ ዋግነር ከፈረንሳይ ያስመጣቸውን ድቅሎች ሜሪላንድ ውስጥ ተክሎ በ1945 ቡርዲ የተባለውን መጥመቂያ ከፈተ፤ ቁራጮችንም ለሌሎች አከፋፈለ። ዛሬ በዋሽንግተን ዙሪያ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖረው ሰፊው የሐበሻ ማኅበረሰብ ቅዳሜና እሑድ በየወይን እርሻው ሲጎበኝ ሻምቡርሲን፣ ቪዳል ብላን፣ ሴይቫል ብላን፣ ትራሚኔት የሚሉ ስሞችን በጠርሙስ ላይ ያያል። አራቱም ድቅሎች ናቸው። የአካባቢው በጋ ሞቃትና እርጥብ ስለሆነ ለሻጋታ የተመቸ ነው፤ ቪኒፌራን እዚያ ማሳደግ የሚቻለው ደጋግሞ እየረጩ ነው። ትራሚኔት የጌቩርትስትራሚነር ልጅ ሲሆን በ1996 ለገበሬ ያወጣው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ነው። የአበባ መዓዛውን ከወላጁ ወርሷል። ለእኔ ድቅል ወይን ቀምሶ ለማያውቅ ሰው ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ የለም።

ወደ ሰሜን ሲኬድ ደግሞ ጠላቱ ብርድ ይሆናል። ኤልመር ስዌንሰን የሚባል የዊስኮንሰን የወተት ላም ገበሬ የቶማስ መንሰንን መጽሐፍ አንብቦ በ1943 ወይን ማዳቀል ጀመረ። ሲመሽና ሥራ ሲቀል የተሠራው ይህ ሥራ ኋላ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲን የወይን ፕሮግራም አጠናከረ። የዩኒቨርሲቲው ማርኬት የተባለ ቀይ ወይን በ1989 ተዳቅሎ በ2006 ወጣ። በዘሩ ውስጥ ፒኖ ኗርም፣ የወንዝ ዳሩ ሪፓሪያም አሉበት፤ ቪኒፌራ በሚሞትበት ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብርድ ውስጥ ይከርማል። ካናዳዎች ደግሞ ቪዳልን፣ ቆዳው ወፍራም ስለሆነ፣ እስከ ታኅሣሥና ጥር በግንዱ ላይ ትተው ከዜሮ በታች 8 ዲግሪ ሲደርስ በረዶ እንደ ሆነ ለቅመው ይጨምቁታል። ውሃው በረዶ ሆኖ ይቀራል፤ የሚወጣው ጥቂት ማር የመሰለ ጭማቂ ነው።

አውሮፓም ተመልሳለች፤ በሌላ ስም። ጀርመኖች ሻጋታን የሚቋቋሙትን አዳዲስ ዓይነቶች በአጭሩ ፒቪ ይሏቸዋል። እንደ ሶላሪስ ያሉት ፒቪዎች ወይን ቀድሞ በማይታወቅባቸው በዴንማርክና በስዊድን ሳይቀር ይበቅላሉ። በተደጋጋሚ ወደ ቪኒፌራ ስለተመለሱ የአሜሪካ ደማቸው አነስተኛ ነው፤ ጣዕማቸውም የቀበሮ ጠረን የለበትም። በአማርኛ «በሽታ ተቋቋሚ ወይን» ብንላቸው ይስማማቸዋል። ግን ቃሉ ከድቅል ወይን ጋር አንድ አይደለም፦ ፒቪዎች ድቅሎች ናቸው፣ ድቅል ሁሉ ግን በሽታ አይቋቋምም። የአውሮፓ ኅብረት በ2021 ባወጣው ደንብ ከቪኒፌራና ከሌላ ዝርያ የተዳቀለ ወይን በሕግ የተጠበቀ የቦታ ስም ባለው ወይን ውስጥ እንዲገባ ፈቅዷል። ሻምፓኝም ቮልቲስ የሚባለውን የፈረንሳይ ድቅል ለሙከራ ተቀብላለች፤ ገበሬው ከማሳው ከ5 በመቶ በላይ እንዳይተክለው፣ በቅልቅሉም ውስጥ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ በሚል ገደብ።