ሁለቱ ሰንበታትና የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ
በአንድ ሃይማኖት ልጆች መካከል ስለሚነሣ የአሳብ ልዩነት

በመሠረተ ሃይማኖት አንድ የሆኑ ምእመናን በትርጓሜና በሥርዓት ሊለያዩ እንደሚችሉ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያስረዳል። በሐዋርያት ዘመን እንኳ ከአሕዛብ ወገን ያመኑት ሰዎች ይገረዙ ወይስ አይገረዙ በሚለው ነገር ብርቱ ክርክር ተነሥቶ በኢየሩሳሌም ጉባኤ እንደ ተደረገበት በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15 ተጽፎ ይገኛል። ስለዚህ የልዩነትን መነሣት ብቻ እያየን ልንደነቅ አይገባንም። ይልቁንም ልዩነቱ በተነሣ ጊዜ ወንድም ከወንድሙ ጋር እንዴት እንደ ተከራከረ፥ ከክርክሩም በኋላ በምን ሁኔታ አብረው እንደ ኖሩ መመርመር ይጠቅመናል። ለዚህ ምርመራ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ የተገኘውን የሁለቱን ሰንበታት ታሪክ በአጭሩ አቀርባለሁ። የዓመታቱ ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፥ አስቀድመን የክርክሩን ሥር እንመልከት። በ14ኛው መቶ ዓመት በሠራዬ አውራጃ ያስተማሩት አባ ኤዎስጣቴዎስ፥ ክርስቲያን እሑድን እንደሚያከብር ሁሉ ቀዳሚት ሰንበትንም ማክበር ይገባዋል ይሉ ነበር። ለዚህም ዐሠርቱን ቃላትና የሐዋርያት ሥርዓት የተጻፈበትን ሲኖዶስ ምስክር አድርገው ያቀርቡ ነበር። በሌላው ወገን የእስክንድርያ መንበርና ከዚያ እየተሾሙ የሚመጡት ጳጳሳት፥ ቅዳሜን ከእሑድ ጋር አስተካክሎ ማክበር ወደ አይሁድ ልማድ መመለስ ይሆናል ብለው ይሠጉ ነበር። እንግዲህ አንዱ ወገን ትእዛዝ እንዳይሻር ሲፈራ ሌላው ወገን ሐዲስ ኪዳን እንዳይደበዝዝ ይፈራ ነበር ማለት ነው። ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ አንድ ጌታ ክብር እንደ ነበር ልብ ማለት ያስፈልጋል።

አባ ኤዎስጣቴዎስ በአገራቸው ተቃውሞ ስለ በዛባቸው ከጥቂት ደቀ መዛሙርት ጋር ተሰደው በግብፅና በኢየሩሳሌም በኩል አልፈው ወደ አርመን አገር ሄዱ፤ በዚያም በ1352 ዐረፉ። ትምህርታቸው ግን ከእርሳቸው ጋር አልተቀበረም። ደቀ መዛሙርቱ በሰሜኑ ደጋ ገዳማትን እያቀኑ ሰበኩ፤ ከእነዚህም አንዱ አባ ፊልጶስ የመሠረቱት ደብረ ቢዘን ነው። ይሁን እንጂ የጳጳሱ ተቃውሞ ስለ ጸናባቸው ማኅበሩ ከክህነት ማዕርግ ተከለከለ፤ ከቤተ መንግሥቱም ከሌሎቹም ገዳማት ርቆ ብቻውን ይኖር ጀመር። የሰንበት ጥያቄ ቀስ በቀስ የክህነት ጥያቄ ሆነ። የማይገናኙ ወንድማማቾች ደግሞ በየዓመቱ እየተራራቁ መሄዳቸው የታወቀ ነው።

በ1400 በዐፄ ዳዊት ዘመነ መንግሥት፥ በጳጳሱ በአቡነ በርተሎሜዎስ ጠያቂነት አባ ፊልጶስና ተከታዮቻቸው ወደ ንጉሡ ከተማ ተጠርተው ቀዳሚት ሰንበትን እንዲተዉ ታዘዙ። እሺ ባለማለታቸውም አባ ፊልጶስ ለጥቂት ዓመታት በግዞት ተያዙ። እስራቱ ግን ማኅበሩን አላፈረሰውም፤ የመሪውን ጽናት ያዩ መነኮሳት በአሳባቸው የበለጠ በረቱ። ዐፄ ዳዊትም ይህን ተመልክተው በ1404 አባ ፊልጶስን አስፈቱ፤ ማኅበሩም ሁለቱን ሰንበታት እያከበረ በሰላም እንዲኖር ፈቀዱ። ጳጳሱና ቤተ መንግሥቱ ግን የቀድሞውን ልማድ አልለወጡም። እንዲህ ሆኖ በአንድ መንግሥትና በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሁለት ልማድ ለአርባ ስድስት ዓመት ያህል ጎን ለጎን ኖረ።

እነዚህን አርባ ስድስት ዓመታት በችኮላ ልናልፋቸው አይገባም። በዚህ ጊዜ ውስጥ ማንም አሸናፊ አልተባለም፤ ማንም ተሸንፎ አልተዋረደም። ቁጣው በረደ፤ መጻሕፍት ተመረመሩ። ቀዳሚት ሰንበትን ማክበር ይገባል የሚለው አሳብም ከኤዎስጣቴዎስ ማኅበር ውጭ ደጋፊ አገኘ። በሐይቅ ገዳም የተማሩትና መጽሐፈ ምሥጢርን የደረሱት አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ከእነዚህ ደጋፊዎች አንዱ ናቸው። ይህም አሳብ ጊዜ ሲሰጠው የወገንን አጥር አልፎ እንደሚሄድ ያሳያል።

በ1450 ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሸዋ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ አደረጉ። ሁለቱ ጳጳሳት አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል ከኤዎስጣቴዎስ ማኅበር መነኮሳት ጋር በዚያ ተገናኙ። በጉባኤውም ጳጳሳቱ ቀዳሚት ሰንበት ከእሑድ ጋር እንድትከበር ተቀበሉ። ማኅበሩም በበኩሉ ከጳጳሳቱ እጅ ክህነትን ለመቀበል ተስማማ። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ የቈየው መለያየት በዚህ ተዘጋ። የኢትዮጵያም የኤርትራም ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናት ቅዳሜን እስከ ዛሬ ቀዳሚት ሰንበት ብለው ያከብራሉ።

የውሳኔውን ሚዛን እናስተውል። ማኅበሩ ሰንበቱን ሲያስከብር ከሥርዓተ ክህነት ውጭ በራሱ መኖሩን ተወ። ጳጳሳቱ ስለ ቀኑ ያላቸውን አሳብ ሲለቁ የመንበራቸው ሥልጣን ታወቀላቸው። እያንዳንዱ ወገን ከሁሉ በላይ የሚሳሳለትን ነገር ሌላው አውቆ ሳይነካው ቀረ። ንጉሡም የመንግሥት ጥቅም አልነበራቸውም ማለት አይቻልም፤ የሰሜኑ ደጋና ወደ ባሕር የሚወስደው መንገድ ለመንግሥታቸው አንድነት እጅግ ያስፈልግ ነበርና። ነገር ግን ጥቅም ብቻውን ሁልጊዜ ሰላምን አይወልድም፤ ሌላው ንጉሥ በዚያው ጥቅም ሰይፍን ሊመርጥ ይችል ነበር።

ታሪክን በእውነት የሚጽፍ ሰው ደግሞ የምስጋናውን ገጽ ብቻ ገልጦ ሊያሳይ አይገባውም። እኒሁ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፥ በጉንዳ ጉንዶ የሚታወቁትን የአባ እስጢፋኖስን ተከታዮች በግርፋት፥ በእስራትና በሞት ቀጥተዋል። እስጢፋኖሳውያን ስግደት ለፈጣሪ ብቻ ይገባል በማለታቸው ከንጉሡ ሥርዓት ጋር ተጋጭተው ነበር። ለኤዎስጣቴዎስ ማኅበር የተዘረጋው የሰላም እጅ ለእነርሱ አልተዘረጋም። ከዚህ የምንረዳው፥ ትዕግሥት የአንድ ሰው ጠባይ ብቻ ሆኖ ከቀረ እምነት የሚጣልበት አለመሆኑን ነው፤ ዛሬ ለአንዱ የታገሠ ነገ ሌላውን ሊያስጨንቅ ይችላል። ትዕግሥት የሚጸናው የጉባኤ ልማድና የትምህርት ሥርዓት ሲሆን ነው።

ከደብረ ምጥማቅ ከአራት መቶ ዓመት በላይ በኋላ የተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤም ለንጽጽር ይጠቅማል። ክርስቶስ በመንፈስ ቅዱስ ተቀባ ማለት ምን ማለት ነው በሚለው ጥያቄ ሊቃውንቱ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ተዋሕዶ፥ ቅባትና ጸጋ እየተባሉ ተከፋፍለው ይከራከሩ ነበር። በ1878 ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፥ ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት በወሎ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው ለተዋሕዶ ፈረዱ። አገሪቱ ከብዙ መከፋፈል በኋላ አንድነት ያስፈልጋት ስለ ነበር የንጉሡን ጭንቀት መረዳት ይቻላል። ይሁን እንጂ ፍርዱን አንቀበልም ካሉት አንዳንዶቹ ምላሳቸው ተቈረጠ፤ የወሎ ሙስሊሞችም ክርስትና እንዲነሡ ታዘዙ። ይህ ሁሉ ሆኖ ክርክሩ ከአደባባይ ወጣ እንጂ ከልብ አልወጣም፤ የቅባት ትምህርት በጎጃም እስከ ዘመናችን ተከታይ አላጣም። ምላስ የተቈረጠበት ሰው ዝም ማለቱ ተረታ አያሰኝም።

ነገሥታቱ በጉባኤ አደባባይ አንዳንዴ የሳቱትን ነገር ሊቃውንቱ በጉባኤ ቤት ጠብቀው አቆይተውልናል። የመጻሕፍት መምህር የግእዙን ንባብ በአማርኛ ሲፈታ አንዱን ትርጓሜ ሰጥቶ አያበቃም፤ «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን፥ ሦስተኛውንም ይጨምራል። ደቀ መዝሙሩም ሁሉንም በቃሉ መያዝ ግዴታው ነው። መምህሩ ደስ የማይለውን ትርጓሜ ሊያስቀር አይችልም፤ ከእርሱ በፊት የነበሩ አባቶች ቃል ነውና። በጎንደርም የላይ ቤትና የታች ቤት የሚባሉ የትርጓሜ ቤቶች ነበሩ፤ ልዩነታቸው ግን ከአንዲቱ ቤተ ክርስቲያን አላወጣቸውም። «አንድም» የምትለው ትንሽ ቃል የሌላውን አሳብ ሳይሰርዙ የራስን መጨመር የምታስተምር ቃል ናት።

ይህን ያነሣሁበት ምክንያት ሥራችን ስለሚጠይቀው ነው። እኔ በማስተምርበት የመምህራን ማሠልጠኛ ውስጥ የኦርቶዶክስ፥ የካቶሊክና የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ልጆች ከሙስሊም ጓደኞቻቸው ጋር በአንድ ወንበር ይቀመጣሉ። ነገ ወደየገጠሩ ሲሄዱ ታሪክን ሲያስተምሩ ከእነዚህ ክርክሮች ጋር ይገናኛሉ። ሁለት ፈተና ይጠብቃቸዋል፤ አንዱ ጠብ እንዳይነሣ በማለት ነገሩን ጨርሶ ማለፍ ነው፤ ሁለተኛው የራስን ወገን ጻድቅ፥ ሌላውን ሞኝ አድርጎ ማቅረብ ነው። ሁለቱም ለተማሪው አይጠቅሙትም። የመጀመሪያው በድንቍርና ይተወዋል፤ ሁለተኛው በትዕቢት ያሳድገዋል።

ስለዚህ ለክቡራን የሙያ ባልደረቦቼ የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። ተማሪ አንድን የሃይማኖት አሳብ ከመቃወሙ በፊት፥ የአሳቡ ባለቤት ሰምቶ «አዎን፥ የምለው ይህንኑ ነው» እስኪለው ድረስ በትክክል እንዲያስረዳ እናለማምደው። የኤዎስጣቴዎስን ወገን የሚደግፍ ልጅ የጳጳሳቱን ሥጋት ይናገር፤ የጳጳሳቱን ወገን የሚደግፍም የመነኮሳቱን ምክንያት ይዘርዝር። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ የራሱን እምነት ሳያፍር ይግለጽ። እንዲህ ማድረግ ሃይማኖትን አያላላም፤ የደብረ ቢዘን መነኮሳት ከእምነታቸው ፍንክች ሳይሉ ከጳጳሳቱ ጋር ታርቀዋልና። በደብረ ምጥማቅ የተገኘው ሰላም በአርባ ስድስት ዓመት ትዕግሥት የተዘጋጀ ነበር፤ የዛሬ ተማሪዎቻችንም ነገ በየአደባባዩ የሚይዙትን ጠባይ የሚያዘጋጁት ዛሬ በየክፍላችን ነው።