የተወረወረችው ኮከብ ለማን ወደቀች?



በባሕር ዳር፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ጣና ዳር የቆመ ሰው አንዳንዴ ሰማዩ ድንገት በእሳት ሲሰነጠቅ፣ ብርሃኑም በውሃው ላይ ሲንቦገቦግ ያያል። «ዛሬ አንድ ትልቅ ሰው ሞተ» የሚል አይጠፋም። ቤቱ በሽተኛ የተኛበት ሰው ይህን ሲሰማ ልቡ ይርዳል፤ ኮከብ ቆጣሪ ደጅ የሚያድርም አለ። አባባሉ ግን የቆየ ነው፤ መልሱም ከተሰጠ 1,400 ዓመት ገደማ ሆኖታል።

ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) ከአንድ አንሷሪ ሶሐባ ሰምተው እንደነገሩን፣ ሶሐቦች አንድ ሌሊት ከአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር ተቀምጠው ሳለ ኮከብ ተወርውራ አበራች። ነቢዩም በጃሂሊያ ዘመን ስለዚህ ምን ይሉ እንደነበር ጠየቋቸው። ታላቅ ሰው ተወለደ ወይም ሞተ ይሉ እንደነበር መለሱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ለማንም ሞት ወይም ልደት እንደማትወረወር አስረዷቸው።

በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ ልጃቸው ኢብራሂም በሕፃንነቱ ሞተ። በዚያው ቀን ፀሐይ ተጋረደች። ሰዎች ለኢብራሂም ሞት ነው አሉ። ልጃቸውን የቀበሩ አባት ናቸው፤ ዝም ቢሉ ክብሩ ለቤታቸው ነበር። ዝም አላሉም። ፀሐይና ጨረቃ የአላህ ምልክቶች እንደሆኑ፣ ለማንም ሞትም ሆነ ሕይወት እንደማይጋረዱ ተናገሩ፤ ሕዝቡንም ወደ ሶላትና ዱዓ መለሱ።

አሁን ከጣና የሚወጣውን አባይ ተከትለን ወደ ሱዳን እንውረድ። መስከረም 27 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ከዒደል ፊጥር በኋላ በሳምንቱ ገደማ፣ በፈጅር ሰዓት፣ በኑብያ በረሃ ሰማይ ላይ ታላቅ የእሳት ኳስ ፈነዳ። 4 ሜትር ያህል ስፋት ያለው የጠፈር አለት ነበር። አሜሪካ ውስጥ ያሉ ተመልካቾች 20 ሰዓት ገደማ ቀድመው አይተውት የሚወድቅበት ቦታና ሰዓት ተሰልቷል፤ ከመውደቁ በፊት በጠፈር ሳለ የታየ የመጀመሪያው እርሱ ነው። ሁለት ወር ቆይቶ ዶክተር ሙዓዊያ ሻዳድ የኻርቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ይዘው በረሃውን በእግር አሰሱ፤ ጥቋቁር ስባሪዎችንም ለቀሙ። ኋላ የተሰበሰቡት ወደ 600 ደረሱ። በአቅራቢያው ባለው የባቡር ጣቢያም «አልመሐጣ ሲታ»፣ ማለትም «ጣቢያ ስድስት» ተባለ።

ውድ አድማጮች! እንዲህ ያለውን ብርሃን ስናይ ሱብሓነላህ እንበል። ልጆቻችን ምንነቱን ሲጠይቁን ሞት አናውራላቸው፤ እንዲማሩ እናበረታታቸው። በሽተኛችንን ሐኪም ዘንድ እንውሰደው፤ ዱዓም እናድርግለት። አጀሉን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው።